የፈረስ ጉልበትና አሮጌ መኪና፦ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ

ሰው የሚሠራው መሣሪያ ሁሉ ሦስት ዕድሜ አለው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በመጀመሪያው ዕድሜው ለዓይን ብርቅ ነው፤ በሁለተኛው ዕድሜው የዕለት ተዕለት አገልጋይ ነው፤ በሦስተኛው ዕድሜው ግን ወይ ተሰባብሮ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል፣ ወይም የሚያስታውሰው ሰው አግኝቶ ቅርስ ይሆናል። በአገልጋይነቱና በቅርስነቱ መካከል ያለችው ጊዜ እጅግ አጭር ናት። በዚያች ጊዜ ውስጥ ዕቃው አሮጌ ነው እንጂ ጥንታዊ አይባልም፤ ያስጠላል እንጂ አያስከብርም፤ ስለዚህም አብዛኛው የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አሮጌ መኪናዎች ጥቂት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች መጽሔት ቀለል ያለ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ነገሩን ይዤ ስመረምረው ግን የአንድ አገር መንገድ፣ ቋንቋና የእጅ ሙያ ታሪክ በአንዲት አሮጌ መኪና ኮፈን ሥር ተከማችቶ ስላገኘሁት፣ የምሠራበትንና የምኖርበትን የአዊን ምድር ምሳሌ አድርጌ ለማቅረብ ቆረጥሁ።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን መሆኑ የታወቀ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ወደብ አንሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ። በዚያው ዘመን ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም ናኬ በሚባል መኪና መጥቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ስለሆነ፣ ራሳቸው ተሳፍረው ሞከሩት። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና፣ አውቶሞቢል ዋና ከተማችንን ከባቡር ቀድሞ እንደ ረገጠ ልብ ይሏል። ዳሩ ግን መኪና መምጣቱና መንገድ መኖሩ አንድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በበሬና በሰው ጉልበት እየተጎተቱ የሄዱበት ርቀት፣ በሞተራቸው ከሄዱበት ብዙ አያንስም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የእኛ አገር አዊ ከዚህ ሁሉ ርቆ ይገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ቺዝማን መቀመጫቸው ዳንግላ ነበረ። እኒህ ሰው የጣናን ሐይቅ ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ተዘዋውረው ሲያጠኑ የተጓዙት በበቅሎና በእግር ነው። በዚያ ዘመን ከዳንግላ ዋና ከተማ ለመድረስ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ግድ ነበር፤ መንገደኛው ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ወርዶ ያንኑ ያህል ዳገት ይወጣ ነበር። የቆንስል ጽሕፈት ቤት ለተከፈተባት ከተማ እንኳ አውቶሞቢል ገና ወሬ ብቻ ነበረ።

የሞተር ተሽከርካሪ ወደ ጎጃም በብዛት የገባው በክፉ ቀን፣ ማለት በጠላት ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ መንገድ የሠራው ለሕዝባችን አስቦ ሳይሆን ጦሩንና ስንቁን ለማመላለስ ነበር። ሆኖም የታሪክ ነገር ግራ የሚያጋባ ነውና፣ ያ ዘመን በቋንቋችን ላይ የተወው ምልክት እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይሰማል። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ካቻቢቴ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የተገኙ ቃላት ናቸው። ጠላት በአርበኞች ክንድ ተባረረ፤ ቃሉ ግን ተማርኮ ቀረ፤ መካኒኮቻችንም የራሳቸው አደረጉት።

የነጻነቱ ዘመቻ ራሱ ለመንገድ መሐንዲስ ትልቅ ትምህርት አለበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ ወደ በላያ ተራራ፣ ከዚያም በአዊ ደጋ በኩል ወደ ቡሬና ወደ ደብረ ማርቆስ ተጉዘዋል። ከሱዳን ጠረፍ የተነሡት የጭነት መኪናዎች በቁጥቋጦና በገደል ተቸግረው፣ ዋናውን ሸክም የተሸከመው ግመል ነበረ፤ ከግመሎቹም አብዛኞቹ በየመንገዱ አልቀዋል። በዳንግላ የነበረው የጠላት ጦር በዚያው ዓመት የካቲት ውስጥ ከተማዋን ለቆ ወጣ። ጠላት ከጎጃም ሲሸሽም የዓባይን ድልድይ አፈረሰ። መኪና መንገድ ሲያጣ ሸክም እንጂ ኃይል እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ከነጻነት በኋላ የአገሪቱ መንገዶች ከጥገና ማጣት የተነሣ እየፈራረሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር የመንገድ ጥገና ሥራ ታቀደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ ሦስት ዓይነት ተሽከርካሪዎች የአገሩን መልክ ለወጡ። አንደኛው በተለምዶ ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው የፊያት ጭነት መኪና ሲሆን፣ እህልና ጨው፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ያመላለሰው እርሱ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1948 ለዓለም የቀረበው ላንድሮቨር ነው፤ የጤናና የእርሻ ሠራተኞችን ጎማ ረግጦት ወደማያውቅ ቀበሌ ያደረሰ ይኸው ነው። ሦስተኛው ለመምህሩ፣ ለጸሐፊውና ለነጋዴው የደረሰው ቮልስዋገን ነበር።

ስለ ሦስተኛው ጥቂት ማለት ይገባል። ቮልስዋገን በዓለም ላይ 21 ሚሊዮን 529 ሺህ 464 ያህል ተሠርቶ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥቷል። በአገራችን የተወደደበት ምክንያት ውበቱ ብቻ አይደለም። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በ2500 ሜትር ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በውሃ የሚቀዘቅዙ አሮጌ መኪናዎች ዳገት ላይ ቶሎ ይፈሉ ነበር፤ ቮልስዋገን ግን የሚፈላ ውሃ የለውም። ሞተሩ ከኋላ፣ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በጭቃ መንገድ ይቆነጥጣል። የሚፈታውም በጥቂት መፍቻ ነው። ለደጋ አገር የታሰበ ይመስል ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዳንግላ ከተማ በአንድ ግቢ ጥግ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ዶሮ የሚያድርባት እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ቮልስዋገን አገኘሁ። ባለቤትዋ አስተማሪ ነበሩ፤ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ቆራሌዎች በኪሎ ሊወስዷት ዋጋ ጨርሰው ነበር። ባለቤታቸውን፣ «እትዬ፣ ለእኔ ይሽጡልኝ፤ አስነሣታለሁ» ብላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «ብረቱንስ በኪሎ ይመዝኑታል፤ እርሱ የተቀመጠበትን ግን በምን ይመዝኑታል?» አሉኝ። ከቆራሌው ባነሰ ዋጋ ሰጡኝ። አንድ ግዴታ ብቻ ጨመሩ፦ ቀለሟን እንዳልለውጥ።

የእድሳቱ ሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚህ ዓይነት መኪና ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፤ የእኔዋም ወለል እንደ ወንፊት ነበር። ላሜራው ተቆርጦ ተበየደ፤ የሞተሩ ጓርኒሲዮኖችና ኩሽኔታዎች ተለወጡ፤ ጎደሎው ዕቃ ከአዲስ አበባ ከሱማሌ ተራ ተፈለገ። በዚህ መካከል አንድ ስሕተት ሠራሁ፤ የምናገረው ሌላው እንዳይደግመው ነው። መኪናዋ የተሠራችው በ6 ቮልት ኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራትዋ ደካማ፣ ማስነሻዋም ሰነፍ ነበር። እኔም የተማርሁትን ይዤ፣ «ይህስ ይሻሻላል» ብዬ ሁሉን ነቅዬ በ12 ቮልት ተካሁት፤ አሮጌውንም ዲናሞ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ጣልሁት።

በሥራው የረዱኝ በዳንግላ በሙያቸው የታወቁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው በማዳመጥ ብቻ የትኛው ቫልቭ እንደ ላላ ይናገሩ ነበር። ያደረግሁትን ባዩ ጊዜ አልተቆጡም። «ልጄ፣ በሽተኛውን ለማዳን ብለህ ሌላ ሰው አደረግኸው» አሉኝ። ነገሩ ከንክኖኝ ነበርና ለወራት ፈልጌ ከመርካቶ ከምናለሽ ተራ ተመሳሳይ ዲናሞ አገኘሁ፤ መኪናዋም ወደ 6 ቮልትዋ ተመለሰች። መብራትዋ ደካማ ስለሆነ በቀን እንጂ በሌሊት አልነዳትም። ማደስና ማሻሻል ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእኒያ ሽማግሌ ነው።

ጥር 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሽማግሌውን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ እንጅባራ ተጓዝን። ከዳንግላ በአዲስ ቅዳም አድርጎ እንጅባራ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ በዚህ ርቀት ወደ 400 ሜትር ከፍ ይላል። አስቀድመን ካርቡራተሩን አስተካክለን ነበር፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛና ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛልና። ቀስ እያልን፣ ሕፃናት እየሮጡ፣ የጭነት መኪና ነጂዎች ጡሩምባ እየነፉልን ሄድን። ሽማግሌው መንገዱን ሁሉ በቀድሞው መልኩ ያስታውሱት ነበር፤ እዚህ ጋ ክረምት ኤንትሬ ሰጥሞ ሦስት ቀን እንዳደረ፣ እዚያ ጋ ባሌስትራ ተሰብሮ በጠፍር እንደ ታሰረ ይነግሩኝ ነበር። ያ ጉዞ ለእኔ የተጻፈ ታሪክ ያልያዘውን የመንገድ ታሪክ ያነበብሁበት ነው።

ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የሚከበርበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ የአድዋን ድልና በዚያ የተሰለፉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ መሆኑ ይነገራል። የተመሠረተበት ዓመት ጠላት በአገር ላይ የነበረበት መሆኑን ስናስብ፣ መታሰቢያው ተራ ጨዋታ እንዳልነበረ እንረዳለን። በዕለቱ ፈረሶቹ በጌጠኛ ግላስና ልጓም ተሸልመው፣ ፈረሰኞቹ እርካብ ረግጠው ሜዳውን ሲሞሉት ማየት ልብን ይነካል።

ፈረሶቹን እንዳናስደነግጥ ሞተሩን አጥፍተን ራቅ ብለን ቆመን ሳለ፣ አንድ አዛውንት ፈረሰኛ መጥተው ቮልስዋገኒቱን ዞረው ተመለከቱ። «ለመሆኑ ይህች ስንት ፈረስ አላት?» ብለው ጠየቁኝ። «ሠላሳ አራት ናት አባባ» አልኋቸው። ከዚያም እውነቱን መናገር ስላለብኝ፣ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሯ ከጉልበቷ ሩብ ያህል እንደምታጣና ሃያ አምስት ገደማ ብቻ እንደሚቀራት አስረዳሁ። አዛውንቱ ሳቁና፣ «የኔዪቱ አንዲት ናት፤ ነገር ግን ከፍታ አይቀንሳትም» አሉኝ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ያን ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። መሐንዲሶች ኃይልን የምንለካው እስከ ዛሬ በፈረስ ጉልበት ነው፤ አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም ክብደት በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ማንሣት ነው። ፈረስ ከመንገድ ሲወርድ ስሙን ለሞተር አውርሶ ወረደ። መሳፍንቱና መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ እንደ ነበረ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እንደ ተባሉ እናውቃለን። ዛሬ ፈረስ ከዳንግላ ባሕር ዳር ለመድረስ አያስፈልግም። ታዲያ በአዊ ምድር ፈረስ ለምን ከበረ? እንደ እኔ ግምት ሦስት ነገር ስላገኘ ነው፤ እነርሱም ማኅበር፣ ቀንና ባለሙያ ናቸው። ማኅበሩ ይጠብቀዋል፤ ቀኑ ያወጣዋል፤ ኮርቻ ሠሪው፣ ግላስ ጠላፊውና ፈረስ አሠልጣኙም ሙያቸውን ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉበት ምክንያት ያገኛሉ።

በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና የዳነው በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ነው። በእንግሊዝ አገር ከለንደን እስከ ብራይተን የተደረገው የመጀመሪያው የመኪና ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ ከ1927 ጀምሮ ለመታሰቢያው ከ1905 በፊት በተሠሩ መኪናዎች ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ በትክክለኛ መልኩ የተጠበቀውንና ለዕለት መጓጓዣ የማያገለግለውን ተሽከርካሪ ታሪካዊ ይለዋል። በአገራችንም ጅምሩ አለ። በአዲስ አበባ የቮልስዋገን ባለቤቶች ተሰባስበው በሰልፍ ሲነዱ ይታያሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አውቶሞቢሎች ለእይታ ቀርበዋል። የንጉሥ መኪና መጠበቁ መልካም ነው። የመምህሩ ቮልስዋገን፣ የጤና ሠራተኛው ላንድሮቨርና የነጋዴው ኤንትሬ ግን ጠባቂ የላቸውም፤ አገሩን ያገናኙት ደግሞ እነርሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ጊዜው እንደሚያጥር ላሳስብ እወዳለሁ። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ነዳጅን ለማዳንም ሆነ ለአየር ንጽሕና ውሳኔው የራሱ ምክንያት አለው፤ ይህ ጽሑፍ ሊሟገተው አልተነሣም። ነገር ግን ካርቡራተር የሚፈታ እጅ ከእንግዲህ አይበዛም፤ የሚያስተምረውም ሰው እያለቀ ነው። አሮጌ መኪና ጭሱ የከፋ፣ ፍሬኑም የዛሬውን ያህል አስተማማኝ እንዳልሆነ አልክድም። ስለዚህም የምለው በየቀኑ ይነዳ ሳይሆን፣ በዓመት ጥቂት ቀን፣ ተመርምሮ፣ በዝግታ ይነዳ ነው።

የእኔም መኪና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ለደስታ ጉዞ አልወጣችም። በየሳምንቱ ሞተሯን አስነሥቼ፣ ዘይቱ እንዲዘዋወር አድርጌ፣ መልሼ አጠፋታለሁ። ሽማግሌው መካኒክ በ2016 ዓ.ም. ክረምት አረፉ። ከነገሩኝ ሁሉ በደብተር የጻፍሁት አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ሳለን ልጽፈው የሚገባኝን ስንቱን፣ «ሌላ ጊዜ እጠይቃቸዋለሁ» እያልሁ እንዳሳለፍሁ ሳስብ ይቆጨኛል። ሞተር ቢቆም ዕቃ ፈልጎ ማስነሣት ይቻላል፤ ለሰው ግን ምናለሽ ተራ የለውም።

ስለሆነም ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን በምንሠራበት ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን ተሽከርካሪዎች፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸውን ጭምር፣ ዓይነታቸውንና የሥሪት ዘመናቸውን እንመዝግብ። ሁለተኛ፣ በቁርጥራጭ ብረትነት ከመሸጣቸው በፊት ከየዓይነቱ አንዱ እንዲቀር ባለቤቶቹን እንምከር። ሦስተኛ፣ ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው፣ የድሮ መካኒኮችንና ሾፌሮችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ፤ ቃላቸውን እንጻፍ። የሙያ ትምህርት ቤቶችም አንድ አሮጌ ሞተር ቢኖራቸው፣ ተማሪው ማቃጠልና መግፋት ምን እንደ ሆነ በእጁ ዳስሶ ይማርበታል።

የአገው ፈረሰኞች ከእኛ ቀድመው ያወቁት አንድ ነገር አለ፤ ያገለገለን ነገር ሥራው ሲያልቅ እንዲሁ አይሰናበትም፣ በዓመት አንድ ቀንም ቢሆን ተሸልሞ ይወጣል። መንገዱ ሲረጋጋ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ በጥር 23 ከዳንግላ እንደ ገና ተነሥቼ እንጅባራ እወጣለሁ። ከጎኔ ያለው መቀመጫ ባዶ ነውና፣ መንገዱን የሚያስታውስ ሽማግሌ የሚያውቅ ባልደረባ ካለ ቢጠቁመኝ ደስ ይለኛል። በዚህ ጊዜ ግን ደብተሩን አልረሳም።